ደውላችሁ ለምታስጨርሱ ወገኖቼ

ወገኖቼ፣ የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ ለዘመድ ጉዳይ ቢሮ ስለምንደውለው ስልክ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቱ ሲበርድልኝ እጽፋለሁ ብዬ ብዙ ቆየሁ። አልበረደም።

አንዲት መምህርት አለች። የመንዝ ልጅ ናት። መሐል ሜዳ አካባቢ ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ስሟን አልናገርም፤ የተማረችበትን ተቋምም አልጠራም። ሁለተኛ ዲግሪዋን የተማረችው በክረምት መርሐ ግብር ነው። ዓመቱን ሙሉ ስታስተምር ትከርምና ሌላው መምህር ሲያርፍ እሷ ደብተሯን ይዛ ትሄዳለች። የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው ስለ ጓሳ፣ መንዝ ስላለው የሣር ምድር ነው። የአካባቢው ሰው ሣሩን ሲጠብቅ የኖረበትን ሥርዓት ሽማግሌዎች ቤት እየዞረች ጠየቀች፤ መዘገበች። ጽሑፉን አንብቤዋለሁ። የተለፋበት ሥራ ነው።

አማካሪዋ አይቶ ፈረመላት። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የቢሮ ነው። ብዙ ተማሪ ተንጠልጥሎ የሚቀረው እዚህ ላይ ስለሆነ ለማያውቀው ላስረዳ። ትምህርት ክፍሉ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ፈታኝ ይመርጣል። የድኅረ ምረቃ ቢሮው ለፈታኙ ደብዳቤና የጽሑፉን ቅጂ ይልካል። ፈታኙ እንዲያነብ ጊዜ ይሰጠዋል። ፋይናንስ አበሉን ያዘጋጃል። ዲፌንሱ፣ ማለትም ተማሪው ፈታኞች ፊት ቆሞ ስለ ጽሑፉ የሚጠየቅበት ፈተና፣ ይካሄዳል፣ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል፣ እርማቱ ይገባል፣ ውጤቱ ሬጅስትራር ይደርሳል። በመጨረሻ ሴኔቱ፣ የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ጉባኤ፣ የተመራቂዎቹን ዝርዝር ያጸድቃል። በመካከል አንድ ወረቀት ከቆመ የቀረው ሁሉ ይቆማል። ሴኔቱ ከተሰበሰበ በኋላ የደረሰ ውጤት ደግሞ ቀጣዩን ምረቃ ይጠብቃል።

የዲፌንሱ ቀን ጥር ላይ መሆኑ በስልክ ተነገራት። አባቷን ይዛ መጣች። እርጅና የተጫናቸው ገበሬ ናቸው። በርኖሳቸውን ደርበው፣ ቆሎ በስልቻ ይዘው ደብረ ብርሃን እኔ ቤት አደሩ። መንገድ ዛሬ ተከፈተ ነገ ተዘጋ በሚባልበት በዚህ ጊዜ ከመሐል ሜዳ በሞላሌ፣ በመዘዞ፣ በጣርማ በር አድርጎ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ለጽሑፉ ማሳተሚያና መጠረዣ በግ ሸጠዋል። ልጃቸው ፈታኞች ፊት ቆማ ስትናገር ማየት ነበር የፈለጉት። «እንግሊዝኛውን ባልሰማም ፊቷን አያለሁ» አሉኝ። ለፈታኞቹ ውኃና ለስላሳ ገዝተን በጠዋት አብረን ሄድን።

አዳራሹ ተቆልፏል። ጸሐፊዋን ጠየቅናት። «ዛሬ ዲፌንስ አልተያዘም» አለች። የድኅረ ምረቃ አስተባባሪው የት ናቸው? ስብሰባ ላይ ናቸው። ተቀመጥን። አባት አንገታቸውን ደፍተው ቆሏቸውን ለጥበቃው ያካፍሉ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለፈታኙ ሊላክ የነበረው ደብዳቤ የወጣበትን ቁጥር ጠየቅሁ። እኔም በእንዲህ ያለ ቢሮ ሠርቻለሁ፤ የሚጠየቀውን አውቃለሁ። መዝገብ ቤት ተፈለገ። የወጪ ቁጥር የለም። ኋላ አንዱ ሠራተኛ መሳቢያ ሳበ። ደብዳቤው እዚያ ነበር። ተፈርሟል፣ ማኅተም ተመትቶበታል፣ የጥቅምት ቀን ተጽፎበታል። የጽሑፏም ቅጂ ከሥሩ አለ። «እንዴ፣ ይሄ አልሄደም እንዴ?» አለ። መልሶ መሳቢያውን ዘጋው። ፈታኙ ሊፈትናት መመረጡን እንኳ አልሰማም ነበር።

ይቅርታ ያለን ሰው የለም።

እዚያው እያለን ስልክ ጮኸ። «አዎ፣ ደርሷል፣ አሁን እንጨርስለታለን» ሲል ሰማሁ ያው ሠራተኛ። አንድ ወጣት ገባ። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ በእጅ ተወሰደለት፣ ተፈረመለት፣ ማኅተም ተመታለት። እኛ ቆመን እያየን ወጥቶ ሄደ። ልጁን አልጠላሁትም። ምናልባት እሱም የሚገባውን ነው ያገኘው።

ያን ጊዜ ጸሐፊዋ ወደ እኛዋ ልጅ ዞረችና ዝቅ ባለ ድምፅ «እኅቴ፣ ሰው የለሽም?» አለቻት። ክፋት አልነበረባትም። ልትረዳት ፈልጋ ነው። አባት ሰሙ። ከወንበራቸው ተነሡ። «አለኋት እንጂ፤ አባቷ ነኝ» አሉ።

ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህንን ነው። ደብዳቤ ሊረሳ ይችላል። ሰው ነን፤ እንረሳለን። ግን የስድሳና የሰባ ዓመት ገበሬ፣ ግብሩን ሲከፍል የኖረ፣ በጉን ሸጦ ያስተማረ አባት፣ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ እንደ ሰው ያልተቆጠረበትን ቀን እኔ አልረሳም። ልጅቷ እስክንወጣ አላለቀሰችም። ታክሲ ውስጥ ነው ያለቀሰችው። እሳቸው ደግሞ «ጥፋቱ የኛ ይሆን? ቀኑን ተሳስተን ይሆን?» ሲሉ ነበር የመጡት።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። ያ ስልክ ከየት የተደወለ ይመስላችኋል? ከሰማይ አልወረደም። ከእኛ መካከል አንዱ ነው የደወለው። ደግ ሰው ይሆናል። ለወንድሙ ልጅ፣ ለጎረቤቱ ልጅ አስቦ ነው። ስልኩን ሲዘጋ በጎ የሠራ መስሎት ውሎው ቀንቶታል። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ እያልን አድገን፣ የማይደውል ሰው ሲያጋጥመን ጨካኝ እንለዋለን። ኩራተኛ እንለዋለን። ይህ እኔንም ይጨምራል።

ቢሮ ውስጥ የሚሆነውን ግን ስሙኝ። አንድ ስልክ ሲመጣ አንድ ፋይል ወደ ላይ ይወጣል። የሌላው ሰው ፋይል ወደ ታች ይወርዳል። አሥር ሲደወል ሠራተኛው የራሱን ተራ መያዝ ይተዋል፤ የተደወለለትን ብቻ ይሠራል። ያልተደወለለት መሳቢያ ይገባል። ማንም በክፋት አላስገባውም። ኋላ ቢሮው ያለ ስልክ መሥራት ይረሳል። እኛ ደግሞ «ይሄ ቢሮ ካልደወሉለት አይሠራም» ብለን እናማዋለን፤ አምተንም እንደውላለን።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 አለ። የሴኔት መተዳደሪያ ደንብ አለ። ማን ምን እንደሚፈርም ተጽፏል። ዛሬ ሁለተኛ ዲግሪ ለመጀመር ሀገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ሁሉ አለ። መግቢያው ላይ እንዲህ እንጠነቀቃለን። መውጫው ላይ የሰው ልፋት መሳቢያ ውስጥ ይረሳል።

የሠራተኛውንም ችግር አውቃለሁ። አስተባባሪ የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ክፍል ገብቶ የሚያስተምር፣ የራሱንም ተማሪዎች የሚያማክር ነው። የአስተዳደሩ ሥራ በላዩ ላይ የተጫነበት ነው። እሱ ስብሰባ ሲሄድ በውክልና የሚፈርም የለም። በ1970ዎቹ መባቻ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሲጀምር ተማሪው ጥቂት ነበር፤ በስምና በመልክ ይታወቃል። ዛሬ በየክልሉ ነው፤ የመደበኛው፣ የማታው፣ የቅዳሜና እሑዱ፣ የክረምቱ። በማስታወስ ብቻ የሚሠራ ቢሮ ይህን ሁሉ ሊሸከም አይችልም። እሺ። ታዲያ የገባ ደብዳቤ የሚመዘገብበት አንድ ደብተር ስንት ብር ነው? የተፈረመ ደብዳቤ በሳምንቱ ወጥቶ እንደሆነ ማየት የስንት ደቂቃ ሥራ ነው?

የሚያሳዝነኝ ደግሞ ጽሑፏ ነው። የመንዝ ሰው ጓሳን ለመቶዎች ዓመታት አስተዳድሯል። ቢሮ አልነበረውም። አለቃ መርጦ፣ ሣሩን ሦስትና አምስት ዓመት ከልክሎ፣ ሲደርስ ቀን ቆርጦ ባለመብቱ ሁሉ እንዲያጭድ ያደርግ ነበር። በተከለከለበት ጊዜ የገባ ይቀጣል። የቤቱ ክዳን፣ ገመዱ፣ የክፉ ቀን ግጦሹ ከዚያ ነው። በ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ እስኪፈርስ ድረስ ቆይቷል። በኋላም ማኅበረሰቡ ራሱ ተሰባስቦ ጥበቃውን መልሶታል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም እዚያ ያሉት በዚህ ነው። ልጅቷ ይህን ጽፋ ነው ያመጣችው። ተራ ጠብቆ፣ ደንብ አክብሮ የኖረ ሕዝብን ታሪክ። እኛ የእነዚያ ሰዎች ልጆች ነን። የት ጣልነው?

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ለልጃችሁ ስትደውሉ ከፊቱ ተሰልፎ የነበረውን ልጅ አስቡት። መጠየቅ ካስፈለገ ለሁሉም የሚሆነውን ጠይቁ፦ ደብዳቤ ሲገባ ቀን የተጻፈበት ማረጋገጫ ይሰጥ፣ አስተባባሪው ሲወጣ የሚፈርም ይወከል፣ የተቀጠረ ዲፌንስ ሁሉ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ቢሮ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ፣ ስልኩን አንሥታችሁ «ተራው ሲደርስ ይሠራለታል» በሉ። ያስኮርፋችኋል፤ አውቃለሁ። በዕድር፣ በማኅበር ወሬ ይሆናል። ቻሉት።

ደክሞኛል፤ ያው እንደ ሁላችሁም። አንድ ጽሑፍ አንብቦ ስልኩን የሚያስቀምጥ ብዙ ሰው ይኖራል ብዬ አልጠብቅም። ጥቂት ሰው ግን ይኖራል።

ልጅቷ የዚያ ዓመት ምረቃ አመለጣት። በዲግሪው ልታገኘው የነበረው የደመወዝ እድገትም ቆየ። አዲሱ ቀጠሮ ጥቅምት ላይ ነው። እኔ የቆዩ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ፤ ልደውልልሽ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «አይ ጋሼ፣ ይቅርብኝ። ከኔ በኋላ ያሉት ማን ይደውልላቸዋል?» አለችኝ። አልደውልም። ደብዳቤው መውጣት አለመውጣቱን ግን መስከረም ላይ አብረን ሄደን የወጪ ቁጥሩን እንጠይቃለን። ጉዳያቸው የተንጠለጠለባቸው ሌሎች የክረምት ተማሪዎችም አብረውን ሊመጡ ተስማምተዋል።