ይድረስ ለማሳ (ለጤፉ ማሳ አይደለም)

ከመኪናዬ ኋላ በግራ በኩል፣ ከመብራቱ ጀርባ ተወሽቀህ ለምትኖረው ለማሳ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ዝገት በስተቀር አልሐምዱሊላህ፣ እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ሁለቱንም ያልኩት የወሎ ልጅ ስለሆንኩ ነው። ደግሞም ዘንድሮ በአንተ የተነሳ ያላስቸገርኩት ደጅ የለም።

አንቱ ልልህ አስቤ ነበር። መኪናዋ በፈረንጅ 1988 የተሠራች ቮልስዋገን ናት፤ አብረሃት ስለተወለድክ ትበልጠኛለህ። ግን ያደረግክብኝን ሳስታውስ አንቱታው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። አንተ ልበልህ፣ ትችለዋለህ።

ለማያውቁህ ላስተዋውቅህ። መኪና ላይ ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ፖዘቲቭ በሽቦ ይወጣል፣ አምፖሉን ያበራል፣ ሲመለስ ግን በቆርቆሮው በራሱ ነው የሚመለሰው። አምፖሉን ከቆርቆሮው ጋር የምታገናኘው አንተ ነህ። አንዲት አጭር ገመድ፣ አንድ ቀለበት፣ አንድ ብሎን። በቃ ይኸው ነህ። ስምህን ከጣሊያንኛ ወስደን ማሳ አልንህ፣ ገበሬው ከኛ በፊት በስሙ እንደሚያርስበት ረስተን።

የኔዋ ደግሞ የመኝታ መኪና ናት። ጣሪያዋ ወደ ላይ ይከፈታል፣ ወንበሯ ሲዘረጋ አልጋ ይሆናል፣ ትንሽ ምድጃ፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ ውሃ የሚገፋ ፓምፕ አላት። ፈረንጅ ነድቷት መጥቶ እዚሁ ጥሏት ሄደ፣ ከስንት እጅ በኋላ እኔ ጋ ደረሰች። ደሴ ሰፈራችን ውስጥ «ቤት እያለው መኪና ውስጥ የሚያድረው» ይሉኛል። ይበሉኝ። ሐይቅ ዳር ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ውሃው ሲጨስ ያላየ ነው እንዲህ የሚለው።

ሐምሌ ላይ ነው የጀመርከኝ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን እየወረድኩ ነበር። የሐረጎን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የፊተኛው መኪና መብራት ካልታየህ ኩርባውን በዱዓ ነው የምትታጠፈው። ታች ስደርስ ትራፊኩ እጁን ዘረጋ።

«ወዴት ልትታጠፍ ነው?»

«የትም፣ ቀጥታ ነኝ።»

«መኪናህ ግን ፍሬን በያዝክ ቁጥር ወደ ግራ እሄዳለሁ ይላል።»

ወርጄ አየሁ። ልጄን ፍሬን እንድትረግጥልኝ አደረግኩ። ስቶፑ የታመመ ሰው ዓይን መስሎ ደበዘዘ፣ ግራ ፍሬቻው አብሮት ጨለምለም ብሎ በራ። ፍሬቻውን ስናበራ ደግሞ የኋላው የማታ መብራት አብሮ እስክስታ መታ። ትራፊኩ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ «ለሠርግ ታከራያለህ?» አለኝ።

የማታው ይብሳል። ሐይቅ ዳር አድረን፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ባለቤቴ ለቡና ውሃ ልትቀዳ ቧንቧውን ስትከፍት ፓምፑ ተነሳ፣ የጣሪያው መብራት ኩራዝ ሆነ። ዘጋችው፣ ነጋ። ከፈተችው፣ መሸ። አቦሉን ከመብራትና ከውሃ አንዱን እየመረጥን ጠጣን።

ራዲዮኑንማ ተወው። ነዳጅ ስረግጥ ሲያፏጭ፣ ድምፁ ከሞተሩ ጋር እየቀጠነ ሲወጣ፣ ስለቅለት ሲወፍር፣ መጀመሪያ የጣቢያው ችግር መስሎኝ ነበር። አገሩ የባቲና የአምባሰል አገር ነው፤ ሁለቱም ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከኛው ነው። ላንተ ቅኝት ግን ስም አጣሁለት። በሁለተኛ ማርሽ ትዝታን ይቃጣዋል።

አሁን ወደ ዋናው ክስ ልግባ። አንተ ተወሽቀህ ስትዘግት ስንቱ ንጹህ ተፈረደበት!

መጀመሪያ ባትሪው። አንዱ መካኒክ በጣቱ እንኳ ሳይነካው «ሞቷል» አለኝ። በሁለት ሙክት ዋጋ አዲስ ገዛሁ። ሁለት ቀን ደህና ሆነ፣ ሁለት ቀን ስላልዘነበ። ቀጥሎ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ። ተፈታ፣ ካርቦኑ ተቀየረ፣ ታጥቦ ተመለሰ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 14.1 ቮልት ነበር እኮ! ከ13.8 እስከ 14.4 ባለው ውስጥ ከሆነ ዲናሞው እንጀራውን እየበላ ነው ማለት ነው። ግን ማን ይለካል? እኛ አገር ቴስተር ማውጣት እንደ ሽንፈት ነው የሚታየው። ጎበዝ የሚባለው ኮፈኑን ከፍቶ፣ ትንሽ አዳምጦ፣ አንገቱን ነቅንቆ ዋጋ የሚናገረው ነው። (የኔዋ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ አንዱ ከፊት ሞተር ሲፈልግ ጊዜ አጥፍቷል። እሱንም ከፍዬዋለሁ።)

ከዚያ አምፖሎቹ በሙሉ። ከዚያ ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ሪሌ። ከዚያ የፊውዝ ሳጥኑ፣ እዚህ ላይ እንኳን አመሰግንሃለሁ፣ ባንተ ሰበብ ባልከፍተው ኖሮ አላየውም ነበር። ከኔ በፊት የነበረ ሰው የ10 አምፔሩ ቀይ ፊውዝ ቦታ ላይ የ30ውን አረንጓዴ ሰክቶበታል። ከጎኑ ደግሞ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ አስገብቷል። ፊውዝ እኮ ሽቦው እንዳይቃጠል ቀድሞ የሚሞት ነው። እሱ አልሞትም ካለ ሽቦው ይቃጠላል፣ ከሽቦው ቀጥሎ ፍራሹ፣ ፍራሹ ላይ ደግሞ የተኛነው እኛ ነን። ያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አክስቴ ነገሩን ሰምታ «ፈረንጁ ጂኒ ትቶባት ነው የሄደ፣ አንድ ወዳጃ እንቀመጥላት» አለች፤ ተሰብስበን ዱዓ እናድርግላት ማለቷ ነው። መጽሐፍ አግኝቼ ሳገላብጥ ጀርመኖች የመኪና ኤሌክትሪክ መያዣዎችን በቁጥር እንደሚጠሩ አነበብኩላት፤ 30 ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣው፣ 15 በቁልፍ የሚከፈተው፣ 31 ደግሞ አንተ። ደንቡ ዲን 72552 ይባላል ስላት ፊቷ በራ። «እሰይ! ለካ ዲን አላት» አለችና ስለ ጂኒው ማንሳት ተወች።

ቆይ፣ አንተ እንዴት አመለጥክ? እዚህ ላይ ነው ተንኮልህ። ቀለምህ ቡኒ ነው። ጀርመን መኪና ላይ ቡኒ ሽቦ ማሳ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ የቤት ኤሌክትሪሻን ነው፣ ጨዋ ሰው፣ ሊረዳኝ መጥቶ የኋላውን መብራት ከፈተና ገና ሲያይህ እጁን ሰበሰበ። «ቡኒ ፌዝ ነው፣ እንዳትነካት!» ፌዝ ማለት ኤሌክትሪኩን ይዞ የሚመጣው፣ የሚገድለው ሽቦ ነው፤ ቤት ውስጥ ቢሆን እውነቱን ነው። መኪናዋ ውስጥ እንኳ ከውጭ ለሚሰካው የ220 ቮልት ኤሌክትሪክ የተዘረጋው ገመድ ቡኒው ፌዝ ነው። አንዲት መኪና፣ አንድ ቀለም፣ በአንደኛው በኩል የሚገድል፣ በሌላኛው በኩል ለቆርቆሮ የታሰረ! ጎረቤቴ በናስትሮ ደህና አድርጎ ጠቀለለህ፣ እኔም ልጆቹ እንዳይጠጉህ አስጠነቀቅኩ። እኛ ስንቃጠል አንተ በክብር ዘበኛ ተመድቦልህ ሁለት ወር ተቀመጥክ።

የያዘህ ኮምቦልቻ ያሉ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሻን ናቸው። ሲመጡ የያዙት ቴስተርና ረጅም ሽቦ ብቻ ነው። ችግሩን ዘርዝሬ ሳልጨርስ «ማሳውን አይታችሁታል?» አሉኝ።

«የቱን?»

«ይቺን ቡኒዋን።»

«ጋሼ፣ እሷ ፌዝ ናት።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «አብሽር ልጄ፣ አትገድልህም።»

መብራቱን በሙሉ አስበሩኝ። ባትሪው ከፊት ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ነው። ከኔጋቲቩ ረጅሙን ሽቦ እስከ ኋላ ጎተቱና የቴስተሩን አንድ ጫፍ እሱ ላይ፣ ሌላውን አንተ ላይ አደረጉ። ሁለታችሁም አንድ መሆን ስላለባችሁ ዜሮ ማለት ነበረበት፤ እስከ 0.2 ቢሆንም ይታለፋል። 3.4 ቮልት አለ! ከ12ቱ 3.4ቱን መንገድ ላይ ዝገትህ ይበላዋል፣ አምፖሉ ቅሪት ይደርሰዋል። መላኪያው ደህና ነው፣ መመለሻው ነው የጠፋው። ሽማግሌው እንዲህ አሉኝ፤ «ኤሌክትሪክ እንግዳ ነው፣ መምጣት ብቻ ሳይሆን መሄድም አለበት። በሩን ስትዘጋበት በጎረቤት ጓሮ ይሾልካል።» ጓሮው እንግዲህ ፍሬቻው ነበር። የፓምፑን፣ የጣሪያውን መብራትና የራዲዮኑን ገመድ ደግሞ ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ እዚያው አንተ ላይ ደርቦ አስሯቸው ኖሯል።

ከዚያ ያንኑ ረጅም ሽቦ ቡኒው ጫፍ ላይ ነካ አደረጉት። ስቶፑ ቦግ! ፍሬቻው ለብቻው፣ በሥርዓቱ፣ ቀጭ ቀጭ። ራዲዮኑ ዝም። የሠርግ ቤት መሰለ ግቢው፣ ልጆቹ አጨበጨቡ።

ብሎንህን ስንፈታ አየሁህ። ሮንዴላው ተበልቶ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ቀለበትህ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ተነስቷል። ከሥርህ ደግሞ ቀለም! መኪናዋ አንዴ ጋራዥ ገብታ ስትቀባ ቀቢው ቆርቆሮውን አሳምሮ ቀብቶ፣ ቀለሙ ላይ መልሶ አስሮሃል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስትነካ የኖርከው በብሎኑ ጥርስ ብቻ ነው፣ ክረምቱ ሲገባ እሷም ዛገች።

በብርጭቆ ወረቀት ቆርቆሮው ነጭ እስኪሆን ፋቅን። አዲስ ቀለበት፣ አዲስ ብሎን፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ፣ ካሰርን በኋላ ከላይ ግራሶ። ለካን፤ 0.04። ሽማግሌው ለሥራው የጠየቁኝ ሻይ ነው። ባትሪውን፣ ዲናሞውን፣ አምፖሎቹን፣ ሪሌውን አስቤ ሻዩን ስከፍል እጄ ተንቀጠቀጠ።

እኔም ንጹህ አይደለሁም፣ ይኸው ልናዘዝ። ፍሪጁን ስገጥም ሁለት ሽቦ በጥርሴ ልጬ፣ ጠምዝዤ፣ ናስትሮ ሲያልቅብኝ በፌስታል ያሰርኩት እኔው ነኝ። ሽማግሌው ፌስታሉን ሲያገኙት ምንም አላሉም። አውጥተው ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጡልኝ፣ እስካሁን እዚያው ነው።

ማታ አክስቴ ደወለች። «ምን ሁኖ ነው ችግሩ?»

«ማሳው ነው የተበላሸው።»

«ዋይ! ተምች ገባበት?»

ሰፈር ያሉት ልጆች ግን ተቀይመውኛል። ትናንት አንዱ መስኮቱን አንኳክቶ «ጋሼ፣ መኪናዋ መጨፈር ተወች እንዴ?» አለኝ።

በል እንግዲህ፣ ዝናብ እስኪገናኘን ደህና ሁን።

አክባሪህ፣
የአሥር ቁጥር ቁልፍ ትራሱ ሥር አድርጎ የሚተኛው፣ ከደሴ።

ማሳሰቢያ፦ በቀኝ በኩል ያለውን ወንድምህን አይቸዋለሁ። እሱም ቀለም ላይ ነው የተቀመጠ። ቅዳሜ እመጣለሁ በልልኝ።