አንተስ የት አለህ?

ትናንት በቤተሰባችን የዋትሳፕ ግሩፕ አንድ ፎቶ ለጠፍኩ። ከቴል አቪቭ ባሕር ዳር ሆኜ ወደ አሮጌዋ የወደብ ከተማ ወደ ያፎ ያነሳሁት ነው፤ ጀንበሯ ልትጠልቅ ስትል፣ ባሕሩ ወርቅ መስሎ፣ ኮረብታው ላይ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የደወል ማማ ቀጥ ብሎ። ወዲያው አክስቴ በቮይስ መጣች፦ «ልጄ፣ ባሕሩን አየነው፣ ተመስገን። አንተስ የት አለህ?»

«እኔማ አንሺው ነኝ አክስትዬ» ብላት «ታዲያ ለአላፊ አግዳሚ ስልኩን ሰጥተህ አትነሳም?»

እኛ ዘንድ ሰው የሌለበት ፎቶ የስልክ ሜሞሪ ማባከን ነው። ጎንደር ደርሶ የመጣ ዘመዴ ፎቶ ላይ የፋሲል ግንብ የሚታየው በጆሮውና በትከሻው መሃል ባለችው ክፍተት ነው፣ እሷም የተረፈችው አንገቱ ቀጭን ስለሆነ ነው።

ስለ ያፎ ካነሳን አይቀር ከአንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ ጋር ያልተወራረደ ሂሳብ አለኝ። በዚያ በነሐሴ ሙቀት ሚዜዎቹን በሙሉ ልብስና ክራቫት አሮጌው ከተማ አወጣን፣ የምኞት ድልድይ የሚሉት አለ፣ የየራስህን ኮከብ ምልክት ይዘህ ባሕሩን እያየህ ትመኛለህ፣ እሱ ደግሞ «ፈገግ እያልክ ተመኝ» ይላል፣ እኔ የተመኘሁት ቀዝቃዛ ውሃ ነው። አልበሙ ሲመጣ ባሕር የለ ድልድይ የለ፣ ጀርባውን ሁሉ አደብዝዞታል! ለማደብዘዝ ከሆነ አዳራሹ በር ላይ አያነሳንም ነበር?

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» የሚለውን ተረት በጣም ነው የምወደው፣ ግን ይቺው አክስቴ አፍርሳዋለች። ልጅ ሆና በየዓመቱ ለስግድ፣ ለቤተ እስራኤሎች የጸሎት በዓል፣ ጎንደር አጠገብ አምቦበር ተራራ ወጥታ ወደ ኢየሩሳሌም ዞራ የጸለየች ሴት ናት፣ ኢየሩሳሌምን በዓይኗ ሳታይ፣ በፎቶም ሳታይ። ያኔ ማን ከፊቱ ቆሟል ብላ አልጠየቀችም። ነቢዩ ዮናስም ቢሆን ዋጋውን ከፍሎ መርከብ የገባው ከዚሁ ከያፎ ነው፣ ላለመታየት እየሸሸ፤ ያቺን «የት አለህ» ግን እሱም አላመለጣትም፣ ዓሣ አንባሪው አገኘው።

ደግሞ እኮ ፎቶዬ ላይ ሰው አለ! ማለቴ፣ ድሮ ነበረ። ከወደቡ ፊት ለፊት ውሃው ውስጥ ጥቋቁር ቋጥኞች አሉ፣ አንዱ ላይ ባንዲራ ተተክሏል፣ የአንድሮሜዳ ድንጋይ ይባላሉ። በግሪኮቹ አፈ ታሪክ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያው ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። እናትየዋ ካሲዮፔያ በቁንጅና ጉራዋን ስትነዛ የባሕሩ አምላክ ተቆጥቶ አውሬ ላከ፣ ልጅቷ በእናቷ አፍ ምክንያት ድንጋይ ላይ በሰንሰለት ታሰረች (እናቶች ሆይ፣ በቡና ላይ ቀስ በሉ)፣ ጀግናው ፔርሴዎስ ደርሶ አዳናት። ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፉስ በ1ኛው ክፍለ ዘመን የሰንሰለቱ ምልክት ያፎ ላይ እንደሚታይ ጽፏል። ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድም ጠይም ነበረች ብሏል። ከዚያ የአውሮፓ ሰዓሊዎች መጡና ምን አደረጓት? ነጭ። ወተት! በየሙዚየሙ ብትዞር የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ጸጉሯ ወርቃማ ሆኖ ታስራ ታገኛታለህ። የግሪኮቹ ኢትዮጵያ ድንበሯ የት ነው የሚለው ሌላ ክርክር ነው፣ ግን ኢትዮጵያዊት እያልክ ጽፈህ እንዲህ መሳል ምን የሚሉት ድፍረት ነው? ሲታሰር በስማችን፣ ሲሳል በነሱ መልክ። አክስቴ «አንተስ የት አለህ» የምትለውን ለነሱ ብታደርገው ቮይሱን እኔ ራሴ አስተረጉምላት ነበር።

ይሄን ሁሉ ግሩፑ ላይ ጻፍኩት። አንድ ሰው አውራ ጣት አደረገልኝ፣ ሳያነበው። በዚያው ሰዓት የአጎቴ ልጅ ሰልፊ ለጠፈ፣ ከኋላው ባሕር ይሁን የመኪና ማቆሚያ አይለይም፣ ግሩፑ በልብ ተጥለቀለቀ። አክስቴም አሳትማ ሳሎን ልትሰቅለው ነው አሉ፣ የፍሬሙን ዋጋ እንድልክ እኔ ተጠይቄያለሁ።