አንተ ባለ ሹራቡ፣ ተነስ!

ምስጋና እየተገባው ምስጋና የተነፈገ ተቋም ቢኖር ትምህርት ቤት ነው። ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ደወል እያስገባ በአንድ ደወል እያስወጣ፣ ዓመት ከዓመት በአንድ ኮሪደር ትከሻ ለትከሻ እያጋፋ፣ ማን ማን እንደሆነ ሳይተዋወቅ በሰላም ማኖር ቀላል ችሎታ አይደለም። ደግሞ በዘፈቀደ የሚሠራ እንዳይመስላችሁ። ሥርዓት አለው፣ ኮሚቴ አለው፣ በየዓመቱ መጀመሪያ አዳራሽ ውስጥ የሚካሄድ «የትውውቅ ፕሮግራም» አለው።

ፕሮግራሙን ላልታደላችሁ ልንገራችሁ። ርዕሰ መምህሩ ማይኩን «ሄሎ፣ ሄሎ» ብለው ይሞክሩታል፤ ማይኩ ያፏጫል። «የሒሳብ ትምህርት ክፍል መምህሮቻችን!» ይላሉ። ስድስት ሰዎች ከወንበራቸው ግማሽ ድረስ ይነሳሉ፣ እጃቸውን እስከ ጆሯቸው ከፍ ያደርጋሉ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ጭብጨባ። ሳይንስ፤ ጭብጨባ። ቋንቋ፤ ጭብጨባ። ኋላ የተቀመጠው ተማሪ ያየው ፊት ለፊቱ ያለውን ልጅ ማጅራት ነው። አዲስ የተቀጠሩት መምህር ስማቸው ሲጠራ ማይኩ ስላፏጨ ዓመቱን ሙሉ «አዲሱ ቲቸር» ሆነው ይከርማሉ፤ በዓመቱ ሌላ አዲስ ሲመጣ ደግሞ «የድሮው አዲሱ» ይባላሉ። መጨረሻ ላይ «የአስተዳደር ሠራተኞቻችንም አሉ» ይባላል። የት እንዳሉ አይነገርም። «እንግዲህ ተዋውቀናል» ይላሉ ርዕሰ መምህሩ፣ እኛም ተዋውቀን እንበተናለን።

ሮቢን ደንባር የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪ የዝንጀሮና የጦጣ ዘሮችን አእምሮ መጠን ከመንጋቸው ብዛት ጋር አስተያይተው፣ የሰው ልጅ በቅጡ አውቆ ሊይዘው የሚችለው ወደ 150 የሚጠጋ ሰው ነው ብለው ነበር። ቁጥሩ ብዙ ቢያከራክርም ትምህርት ቤቶቻችን በደስታ ተቀብለውታል። ተቀብለውም አላቆሙ፣ አሻሽለውታል። 150 ለምን? 15 ይበቃል። ከየክፍሉ ደረጃ የሚወጡት፣ ከየክፍሉ የሚረብሹት፣ ቀሪው ቦታ ደግሞ አባቱ ስልክ ሲደውል ርዕሰ መምህሩ ቆመው ለሚያናግሩት ልጅ። የተረፈው ሕዝብ «ተማሪዎቻችን» በሚለው ቃል ውስጥ ተመችቶት ይኖራል።

አሁን ወደ ክፍል እንግባ፤ ጥበቡ የሚታየው እዚያ ነውና። መምህሩ ጥያቄ ጠይቀዋል። ጸጥታ። ጠመኔ የጨበጠው ጣታቸው ወደ ኋላ ረድፍ ይወነጨፋል። «አንተ!» ሦስት ልጆች ደረታቸውን ይነካሉ፤ «እኔ?» «አንተ አይደለህም፣ ከኋላህ ያለው!» ከኋላ ያለው ዞሮ ከኋላው ያለውን ያያል። ከዚያ ወዲያ ግድግዳ ነው። «ኧረ ባለ ሹራቡ! ተነስ!» አራት ባለ ሹራብ ብድግ ይላል።

አቤት ቅልጥፍና! ስሙን ቢያውቁት ኖሮ የሚደነግጠው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ትምህርት ቤት ሲደርስ የመልአኩን ሥራ ሹራብ ይረከበዋል። እርግጥ ነው ፀሐይ ከርሮ ልጁ ሹራቡን ያወለቀ ቀን ትንሽ ችግር ይፈጠራል፤ የት ገባ ተብሎ ይፈለጋል። ስም ጥሪስ አለ አይደል እንዴ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ግን ስም ጥሪ «አቤት» የሚቆጠርበት እንጂ ሰው የሚታወቅበት አይደለም። ከአንድ ጉሮሮ ሁለት «አቤት» ወጥቶ፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም ሆኖ፣ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ተማሪ ተብሎ የተመዘገበ ስንት አለ!

በዚህ በተደላደለ ኑሮ መሀል ነው እንግዲህ አንዳንድ ነገር ፈላጊ ተመራማሪዎች የሚመጡት። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አለ። ብዙ ተማሪ በሚታጨቅበት አንድ የዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ ስሙን በታጠፈ ወረቀት ጽፎ ፊት ለፊቱ እንዲያቆም ተደረገ። ከተማሪዎቹ 78 በመቶው አስተማሪ ስሜን ያውቃል ብለው አመኑ። አስተማሪዎቹ በርግጥ ያወቁት ግን የ53 በመቶውን ነበር። አያችሁ? ከማወቁ ይልቅ ለማወቅ የሚሞክር መምሰሉም ይሠራል ማለት ነው። አንድ ወረቀት፣ አንድ ማጠፍ፣ በቃ።

እኔ ግን ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ወረቀት በሩቁ መሸሻቸውን አደንቃለሁ። ተማሪዎቹ ስማችን በመታወቁ ዋጋ ያለን መሰለን፣ እርዳታ ለመጠየቅም ቀለለን ብለዋላ! እስቲ አስቡት። እርዳታ መጠየቅ የቀለለው ተማሪ ይጠይቃል። የሚጠይቅ ተማሪ የሻይ ሰዓት ይበላል። ዛሬ በስሙ የጠራችሁት ልጅ ነገ ስታልፉ ሰላም ይላችኋል፤ ከነገ ወዲያ «ቲቸር፣ አንዴ ላናግርዎት?» ይላል። ባለ ሹራቡ ግን እንዲህ ያለ ድፍረት የለውም። ዓመቱን ጨርሶ፣ ሹራቡን ይዞ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል።

ሲያልፍም ባዶ እጁን አይደለም። ካርዱ ላይ አስተያየት ተጽፎለታል፤ «ጎበዝ ነህ፣ በርታ»። ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅም ካርዷን ገልጣ ታነባለች፤ «ጎበዝ ነህ፣ በርታ»። የድጋፍ ደብዳቤ ቢፈልጉ ደግሞ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ቅጽ አለ፤ ትጉህ፣ ሰዓት አክባሪ፣ በምግባሩ የተመሰገነ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተግባቢ። የሚቀረው የስሙ ቦታ ነው፤ እሱንም ልጁ ራሱ ይሞላዋል። እንዲህ ያለ እኩልነት የት ይገኛል?

ለነገሩ ተማሪን አለማወቅ ከአድልዎ ያድናል። ሮበርት ሮዘንታል የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቅና ሌኖር ጃኮብሰን የተባሉ ርዕሰ መምህርት እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ሙከራ የታወቀ ነው። ለመምህራን የጥቂት ልጆች ስም ዝርዝር ሰጥተው «እነዚህ ዘንድሮ ይመነጠቃሉ» አሏቸው። ዝርዝሩ የወጣው እንዲሁ በዕጣ ነበር። በዓመቱ ልጆቹ ሲፈተኑ፣ በተለይ 1ኛና 2ኛ ክፍል የነበሩት፣ ከእኩዮቻቸው በልጠው ተገኙ። ውጤቱን የሚጠራጠሩት ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ያም ሆኖ መምህር ከልጁ የጠበቀው ነገር ልጁ ላይ ይጋባል የሚለው ሐሳብ ዛሬም ይነገራል። እንግዲህ ይህን የሰማ ጠንቃቃ መምህር ምን ያደርጋል? ከማንም ምንም አይጠብቅም። ስለ ማንም ምንም አያስብም። ጥንቃቄ ማለት ይህ ነው!

ተማሪው ይቆየን፣ ሠራተኛው ከሠራተኛው ጋር ያለው ትውውቅስ! በመምህራን ማረፊያ ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጠው ለዓመታት ሻይ የጠጡ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛዋ ጡረታ ልትወጣ ወራት ሲቀራት ሌላኛው «ይቅርታ፣ አንቺ የምን መምህርት ነበርሽ?» ይላታል። «ካንተው ጋር ፊዚክስ።» ይህ ያሳፍራል? በጭራሽ። የግል ሕይወትን ማክበር ነው።

የጥበቡ ጫፍ ግን በር ላይ ነው። የጥበቃ ሠራተኛው ማን በስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ማን ሰኞ ሰኞ እንደሚያረፍድ፣ የትኛዋን ልጅ ማን እንደሚሸኛትና ከመቼ ወዲህ ብቻዋን መምጣት እንደጀመረች ያውቃሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ ደግሞ ፈተና በደረሰ ቁጥር ማን መጸዳጃ ቤት ገብቶ እንደሚያስታውክ ያውቃሉ፤ ምሳውን ደረጃ ሥር ተደብቆ የሚበላውንም ልጅ ያውቃሉ። የትምህርት ቤቱ እውቀት በሙሉ እነዚህ ሁለት ሰዎች ዘንድ ተቀምጧል። አቀማመጡ እንዴት አስተማማኝ መሰላችሁ! ጠያቂ የለማ። የተማሪዎች ሥነ ምግባር ስብሰባ ሲጠራ የጥበቃ ሠራተኛው በር ይጠብቃሉ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ስብሰባው የሚደረግበትን አዳራሽ ወልውለው ይወጣሉ፤ ከዚያ ተማሪዎቹን የማያውቁት ገብተው ስለ ተማሪዎቹ ይወያያሉ።

አንድ ቀን እንዲህ ሆነ። ልጅቷ ደረጃው ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ ታለቅሳለች። የክፍል ኃላፊው መምህር ሲያልፉ አይተው ደነገጡ፤ ደግ ሰው ናቸው። ወለል የሚወለውሉትን ሴት ጠሩ።

«እትዬ፣ ይቺ ልጅ የማን ክፍል ናት?»

«የእርስዎ ናት።»

«የእኔ?»

«የእርስዎ እንጂ። ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ። ወፍ ትሥላለች፣ ዴስኩ ላይ። በፊት ብዙ ብዙ ነበር የምትሥለው፤ ይኸው ሁለት ሳምንት ሆናት፣ አንድም አልሣለች።»

መምህሩ በጣም ተገረሙ፤ ጉዳዩንም ለቀጣዩ ስብሰባ አቀረቡት። ስብሰባውም በሰፊው ከተወያየ በኋላ ዴስክ ላይ ሥዕል መሣል በጥብቅ እንዲከለከልና የተሣለውም በአስቸኳይ እንዲጠፋ ወሰነ። ያጠፉት እኚያው እትዬ ናቸው።

አሁንም ተመራማሪዎቹ አያርፉም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት፣ መምህር ክፍሉ በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ተማሪ በስሙ ሰላም ብሎ ሲያስገባ፣ ተማሪዎች ትምህርቱን የሚከታተሉበት ጊዜ በ20 የመቶኛ ነጥብ እንደጨመረ፣ ረብሻው ደግሞ በ9 እንደቀነሰ ይናገራል። ምን አዲስ ነገር አለው? በር ላይ መቆም እኛም እንቆማለን! ምክትል ርዕሰ መምህሩ በየማለዳው በሩ ላይ ናቸው። ተማሪው በቀኑ ከአዋቂ አፍ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃልም ከእሳቸው ነው፤ «ሸሚዝህን ሱሪህ ውስጥ ክተት!» ስም የለውም እንጂ ሰላምታ ነው። ወላጆችም አልቀረባቸውም፤ በቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ስም ያለው ወላጅ የለም፣ ሁሉም «የእገሌ እናት»፣ «የእገሊት አባት» ነው። የአባትየው ስም ቢጠየቅ ልጁ ካርድ ላይ ይፈለጋል።

ደግሞ ፈጽሞ አይተዋወቁም ብዬ ትምህርት ቤትን እንዳላማ። ይተዋወቃል፣ ያውም በደንብ፤ በሽኝት ቀን። የሚሸኙት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጠው የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ አዳራሹ ይደመማል። «ግጥም ይጽፉ ነበር እንዴ?» «ሦስት ቋንቋ? እኚህ?» «ቤተ ሙከራውን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው? እኔ ቁልፍ ያዥ ነበር የሚመስሉኝ!» በዚያች ግማሽ ሰዓት የሚገኘው ትውውቅ በሠላሳ ዓመት አይገኝም። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሰው ሲቀጠር ይሸኝ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ይመስገን፣ ይለቀስለት፣ ስጦታውን ተቀብሎ ሥራውን ይጀምር።

ሐሳቤን ይዤ ወደ አንድ ሽኝት ሄጄ ነበር። ተሸኚው አዛውንት መምህር የምስክር ወረቀታቸውን በጭብጨባ ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። የአባታቸው ስም ሌላ ነው። ከመድረክ ወርደው ቀስ ብለው ወደ ቢሮ ሄዱና ለጸሐፊዋ አሳዩአት፤ «ልጄ፣ ይቺን ብታስተካክሉልኝ።» ጸሐፊዋ ወረቀቱን አየች፣ ሰውየውን አየች፣ መዝገቡን አገላበጠች።

«ይስተካከላል አባቴ» አለች በትሕትና፤ «ብቻ መታወቂያዎትን ይዘው ይምጡ። እርስዎ መሆንዎን በምን እናውቃለን?»