ማስተካከያ፦ «ግሬይ አልበምን» ለማሳገድ የተነሳው ጄይ ዚ አይደለም

ስለ ማሽ-አፕ (የሁለት ሥራዎችን ድምፅና ሙዚቃ ስለሚያጋባ) ሙዚቃ ባለፈው ስጽፍ፣ ዲጄ ዴንጀር ማውስ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣውን «ግሬይ አልበም» ለማሳገድ የተነሳው ራፐሩ ጄይ ዚ ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስርጭቱ ይቁም ያለው የሙዚቃ ኩባንያው ኢኤምአይ ነው። የእንግሊዙ ባንድ የቢትልስ ቅጂዎች መብት ያኔ በእሱ እጅ ነበር። ዴንጀር ማውስ የጄይ ዚን «ብላክ አልበም» ድምፅ ወሰደ። ከስሩ ያስገባው ሙዚቃ ደግሞ ቢትልሶች እ.ኤ.አ. በ1968 ካወጡት፣ «ዋይት አልበም» ከሚባለው ሥራ የተቆራረጠ ነው። የከበሮው ምት ሳይቀር ከዚያው ተለቅሟል። ጥቁርና ነጭ ሲደባለቅ ግራጫ ይሆናል፤ ስሙም የመጣው ከዚህ ነው። የጄይ ዚ ወገንማ ድምፁን ያለ ሙዚቃ ለብቻው አውጥቶት ነበር፤ ዲጄዎች እንደልባቸው እንዲሠሩበት። እሱን ከልካይ ማድረጌ በጣም ነው የቆጨኝ።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2004 ደግሞ ብዙ ድረ ገጾች እገዳውን ተቃውመው አልበሙን በነፃ አሰራጩት።

ሌላም አለ። ሥራውን በደፈናው «ሪሚክስ» ብዬዋለሁ። ሪሚክስ አብዛኛውን ጊዜ አንድን ዘፈን በሌላ መልክ መሥራት ነው። ማሽ-አፕ ግን የአንዱን ዘፋኝ ድምፅ ከሌላው ሙዚቃ ጋር ያጋባል። ፍጥነቱም ቅኝቱም ካልገጠመ ወዲያው ጆሮ ይቆረቁራል።