ከምስጠራው በፊት ስልክ ቁጥሩ

እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የአሜሪካ ከፍተኛ ባለሥልጣናት በየመን ላይ ስለሚካሄድ የአየር ድብደባ ሲግናል በተባለው የመልእክት መላላኪያ መተግበሪያ ሲመካከሩ፣ ከመካከላቸው አንዱ የመጽሔት ዋና አዘጋጅ መሆኑን ያስተዋለ አልነበረም። የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪው ራሳቸው በስህተት አስገብተውት ነበር። ምስጠራው፣ ማለትም መልእክቱን ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚቆልፈው ስልት፣ አልተሰበረም። እንዲያውም ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ እያንዳንዱን መልእክት መንገድ ላይ ማንም ሳያነበው ለጋዜጠኛው አድርሶለታል።

ይህን የማነሣው ሲግናልን ለማጣጣል አይደለም። የግል ምስጢራቸው የሚያሳስባቸው ሰዎች የጋራ መወያያ ለመምረጥ ሲቀመጡ የሚነሣው ክርክር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነብኝ ነው። አንዱ የምስጠራውን ስልት ያወድሳል፣ ሌላው የኩባንያውን ባለቤት ይረግማል፣ ሦስተኛው ማንም ያልሰማውን መተግበሪያ ይዞ ይመጣል። አዲስ ገቢ በሩ ላይ ምን እንደሚጠየቅ፣ ከገባ በኋላ ስለ ሌሎቹ ምን እንደሚያይ፣ የተጻፈው ሁሉ የት ተከማችቶ ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ማኅበረሰቡ ለአዲስ ሰው ክፍት ከሆነ ከምስጠራው በፊት መታየት ያለባቸው እነዚህ ናቸው።

ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ ሲባል ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር፣ አስተላላፊው ኩባንያ ጭምር፣ መልእክቱን ማንበብ አይችልም ማለት ነው። ለሁለት ሰው፣ ለአሥር ሰው ድንቅ ነገር ነው። ሊንኩን ያገኘ ሁሉ በሚገባበት፣ አራት መቶ ሰው በተሰበሰበበት ግሩፕ ግን ተቀባዩ ማን ነው? ሰላይም ቢሆን አባል እስከሆነ ድረስ መልእክቱን የሚፈታው ቁልፍ ይሰጠዋል። ስክሪንሾት ለማንሣት ደግሞ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

አሁን ስልክ ቁጥሩን እንመልከት። ሰው በይፋ ሊያወራው ስለማይደፍረው ሕመም የሚወያይ የዋትስአፕ ግሩፕ አለ እንበል። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መልእክቶችን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመሰጥራል፤ ስልቱም ሲግናል የሚጠቀምበት ራሱ ነው። አንዲት ሴት በቅጽል ስም ገብታ ጥያቄዋን ትጽፋለች። የማታውቀው አንድ አባል የአባላቱን ዝርዝር ይከፍታል፤ ከቅጽል ስሟ አጠገብ ቁጥሯ አለ። ቁጥሩን ቀድቶ በስልኩ ገንዘብ ሊልክላት ያለ ያስመስላል። ብዙዎቹ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች ተቀባዩን ለማረጋገጥ ሲሉ ስሟን ያወጡለታል። ምንም ሳይልክ «ሰርዝ» የሚለውን ይጫናል። ሕመሟንም ስሟንም አወቀ፤ የተሰበረ ምስጠራ ግን የለም።

ሲግናል ይህን ዘግይቶም ቢሆን ተረድቶታል። ከ2024 ወዲህ ቁጥሩን በስልካቸው ላልያዙ ሰዎች አይታይም፣ በተጠቃሚ ስም መገናኘትም ይቻላል፤ አካውንት ለመክፈት ግን ቁጥር መስጠት አልቀረም። ድርጅቱን በተመለከተ ቅሬታ የለኝም። በ2016 በአሜሪካ በሕግ ተገዶ የተጠቃሚ መረጃ እንዲያስረክብ ሲታዘዝ ሊያቀርብ የቻለው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አካውንቱ የተከፈተበትን ጊዜና ለመጨረሻ ጊዜ ከሰርቨሩ (መልእክቱን ከሚያስተላልፈው ኮምፒውተር) ጋር የተገናኘበትን ቀን። የወዳጅ ዝርዝር የለ፣ የግሩፕ ስም የለ። እምቢ ስላለ ሳይሆን ስላልያዘ ነው። እኔም መድረክ ስመዝን የሚገባውን ቃል ትቼ በእጁ የያዘውን አያለሁ።

በዚህ ሚዛን ቴሌግራም ይወድቃል፤ ይህን ያህል ሰው ምስጢር ጠባቂ አድርጎ የሚያየው ለምን እንደሆነ ገብቶኝ አያውቅም። «ምስጢራዊ ውይይት» የሚባለው በሁለት ሰዎች መካከል፣ ያውም ራሳችሁ ስትከፍቱት ብቻ የሚሠራ ነው። የግሩፕ መልእክት ሁሉ ኩባንያው ሊከፍተው በሚችልበት መልክ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል። መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ በኦገስት 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ በቀጣዩ ወር ኩባንያው ፖሊሲውን ለወጠ፤ ሕጋዊ ጥያቄ ከቀረበለት ሕግ የጣሱ ተጠቃሚዎችን ስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ (ከኢንተርኔት ጋር የተገናኙበትን መለያ ቁጥር) እንደሚሰጥ አስታወቀ። ወንጀለኛ መያዙን የሚቃወም የለም፤ ነገር ግን መረጃው በእጁ እስካለ ድረስ የነገው ፖሊሲ ምን እንደሚል ማንም አያውቅም። ለማስታወቂያ ሰሌዳነት ግን አቻ የለውም፣ ለዚያ ብቻ ተጠቀሙበት።

ሌላው የውይይት መድረክ ዲስኮርድ አካውንት ለመክፈት ኢሜይል ይበቃዋል፣ አሠራሩም ለትልቅ ማኅበረሰብ የተመቸ ነው። የጽሑፍ መልእክቱ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተመሰጠረም። በ2025 ደግሞ ዕድሜያቸውን ለማረጋገጥ ሲሉ የላኩ የ70,000 ገደማ ሰዎች የመታወቂያ ፎቶ ተጋልጦ ሊሆን እንደሚችል ኩባንያው ራሱ ተናግሯል። የተጠቃው የደንበኞች አገልግሎት የሚሠራለት ሌላ ድርጅት ነበር። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።

ወደ ማትሪክስ እናምራ፤ የእኔ ምርጫ እዚህ ስለሆነ እንከኑንም ሳልሸሽግ እናገራለሁ። በ2014 የተጀመረ ሲሆን እንደ ኢሜይል ማንም የራሱን ሰርቨር አቋቁሞ ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር የሚገናኝበት ሥርዓት ነው። የፈረንሳይ መንግሥት የሠራተኞቹን መልእክት መላላኪያ በእርሱ ላይ ገንብቷል፤ የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላም በ2020 አይአርሲ ከተባለው አሮጌ የጽሑፍ መወያያ ወደዚህ ተዛውሯል። ስልክ ቁጥር የግድ አይልም። ነገር ግን መልእክቱ ቢመሰጠርም የውይይት ክፍሉ ስም፣ የአባላቱ ዝርዝር፣ ማን መቼ እንደጻፈ አይመሰጠርም፤ ይህም በውይይቱ በሚካፈል ሰርቨር ሁሉ ላይ ይገለበጣል። ዛሬ የሰረዛችሁትን መልእክት የሌላው ሰርቨር ባለቤት ካልፈለገ አይሰርዘውም። በዚህ ላይ አዲስ ስልክ የገዛ አባል ተመልሶ ሲገባ «መልእክቱን መፍታት አልተቻለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ቁልፉን ሳያስቀምጥ ቀርቷልና የትናንቱ ውይይት ለእርሱ ጠፍቷል። ሁለት ጊዜ እንዲህ የገጠመው ሰው ሦስተኛ ጊዜ አይመለስም።

ስለዚህ ለሁሉም ክፍት የሆነውን ትልቁን የውይይት ክፍል ሆን ብዬ አልመሰጥረውም። የማኅበረሰቡ የራሱ የማትሪክስ ሰርቨር ይኑር፣ ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር እንዳይገናኝ ይዘጋ፣ መግቢያው ቅጽል ስምና የይለፍ ቃል ብቻ ይሁን፣ መልእክት ከአንድ ወር በኋላ ራሱ ይጥፋ። አናቱ ላይ «እዚህ የምትጽፉትን ማንም ሊያነበው እንደሚችል አድርጋችሁ ጻፉ» የሚል ይለጠፍ። በእርግጥም ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው በጎ ፈቃደኛ ያነበዋል፤ ማን እንደሆነ አባላቱ ሊያውቁ ይገባል፣ እርሱ ቢታመም ወይም ቢኮርፍ የሚተካው ሰውም አስቀድሞ የይለፍ ቃሉን መያዝ አለበት። በትክክል የሚተዋወቁት ጥቂት ሰዎች ስሱ ጉዳያቸውን መልእክቱ በየሳምንቱ በሚጠፋበት የሲግናል ግሩፕ ይጨርሱ። ሁለት ቦታ መያዝ አድካሚ ነው፤ ሁለቱንም ሥራ በደንብ የሚሠራ አንድ ቦታ ግን አላየሁም።

«ሰው ያለበት ቦታ ይሻላል፣ ማንም አዲስ መተግበሪያ አይጭንም» የሚሉ አሉ፤ መከራከሪያው ቀላል አይደለም። ሰው የሌለበት መሸሸጊያ ማኅበረሰብ አይባልም፤ በዝውውር ወቅትም ብዙ አባል እንደሚቀር የታወቀ ነው። ሆኖም የሚቆጠሩት በዝውውሩ የቀሩት ብቻ ናቸው። ቁጥሬ ይታያል ብለው ከመጀመሪያውም ያልገቡት በየትኛውም ዝርዝር ላይ ስለሌሉ ማንም አይቆጥራቸውም። የግል ምስጢርን ቁም ነገር ላደረገ ማኅበረሰብ ደግሞ በይበልጥ የሚያስፈልጉት ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸው።

ዝውውሩ ሲጀመር የድሮው ግሩፕ አቅጣጫ ለመጠቆም ብቻ ለሁለት ወር ክፍት ይቆይ፣ ከዚያ አባላቱ ተሰናብተው ይዘጋ። ግሩፑ ቢዘጋም ያለፈው ውይይትና የቁጥሮቹ ዝርዝር በየአባሉ ስልክና በየመጠባበቂያ ቅጂው ላይ ይቀራል፤ አስተዳዳሪው ይህን ከመዝጋቱ በፊት በግልጽ መናገር አለበት።