በግብር ጥያቄው ላይ የአንድ ቤት ድርሻ ይጻፍ

በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት፣ ከተማም ሆነ ካውንቲ ወይም የትምህርት ዲስትሪክት መራጩን ሳይጠይቅ የግብር መጣኔ ከፍ ማድረግ አይችልም። ይህን የደነገገው በ1992 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው፣ በአጭሩ ታቦር (TABOR፣ የግብር ከፋዮች የመብት ሰነድ) የሚባለው የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። ማሻሻያው የጥያቄውን አጻጻፍ ሳይቀር ወስኗል። መክፈቻው ግብሩ በዓመት በስንት ዶላር ይጨመር የሚል ሲሆን፣ የሚጻፈውም ከመላው ከተማ፣ ካውንቲ ወይም ዲስትሪክት ይሰበሰባል ተብሎ የሚገመተው ጠቅላላ ገንዘብ ነው።

ጠቅላላው መታወቁ ተገቢ ነው፤ አስተዳደሩ የሚሰበስበውን ሸፍኖ ድምፅ እንዳይለምን ያደርገዋል። ግን መራጩ 12 ሚሊዮን ዶላር የሚል ቢያነብ ከእሱ ኪስ ስንት እንደሚወጣ በምን ያውቃል? ይደነግጥና "አይሆንም" ላይ ምልክት ያደርጋል።

የንብረት ግብር የሚሰላው "ሚል" በሚባል መለኪያ ነው፤ 1 ሚል ማለት ከ1,000 ዶላር 1 ዶላር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሚሉ የሚባዛው በቤቱ የገበያ ዋጋ ሳይሆን ካውንቲው ለግብር በሚይዘው ዝቅ ያለ ዋጋ ነው። ለግብር የተያዘው 30,000 ዶላር ከሆነ፣ የ5 ሚል ጭማሪ በዓመት 150 ዶላር፣ በወር 12.50 ነው። በገበያ ዋጋው፣ በ450,000 ያባዛ ሰው ግን 2,250 ዶላር ያገኛል፤ 15 እጥፍ ስህተት።

ተቃራኒው ችግርም አለ። "ግብር ሳይጨመር" ብሎ የሚጀምር ጥያቄ ብዙ ጊዜ አስተዳደሩ ታቦር ካስቀመጠው የገቢ ጣሪያ በላይ የሰበሰበውን እንዲያስቀር ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። መጣኔው አይነካም፤ መራጩ ግን ሊመለስለት የሚገባውን ገንዘብ እየተወ ነው። ይህም በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

መፍትሔው ሕገ መንግሥት መቀየር አያሻም። ታቦር መክፈቻውን እንጂ ተከታዩን ሐረግ ሁሉ አልወሰነም። የከተማ ምክር ቤቶችና የትምህርት ቦርዶች "ለእያንዳንዱ 100,000 ዶላር የቤት የገበያ ዋጋ በዓመት ይህን ያህል" የሚል መስመር ዛሬውኑ መጨመር ይችላሉ፤ መጨመርም አለባቸው።

አውሮራና ዴንቨር የምትኖሩ ዜግነት ያላችሁ ወገኖቻችንም ምርጫው 30 ቀን ሲቀረው "ለተመዘገቡ መራጮች ሁሉ" ተብሎ የሚመጣውን ወረቀት ከማስታወቂያ ጋር አትጣሉት። የደጋፊና የተቃዋሚ አስተያየት፣ እያንዳንዱ እስከ 500 ቃላት ተጠቃልሎ፣ እዚያ ላይ ይታተማል። ማጠቃለያው የሚዘጋጀው ከምርጫው ቢያንስ 45 ቀን ቀደም ብለው በጽሑፍ ከገቡ አስተያየቶች ነው። የአንድ ቤት ድርሻ በጥያቄው ላይ ካልተጻፈ፣ ስሌቱን ያ ቀን ሳያልፍ ለምርጫ ኃላፊው ጽፋችሁ አስገቡ።