አንኮበር ላይ ባና ቢሰቀል

ባለፈው ቅዳሜ ከእህቴና ከልጆቿ ጋር ከደብረ ብርሃን አንኮበር ወጣን። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከኮረብታው ጫፍ ደረስን። ከአጼ ምኒልክ ግቢ የተረፈውን የድንጋይ ግንብ አየን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ብርዱ ሲጠና ወረድን። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየንም። ትንሹ ልጅ «በቃ፣ ይሄው ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

በ2016 ዓ.ም. ወንድሜን ልጠይቅ ለንደን ሄጄ ቴት ሞደርን ገብቼ ነበር። ሕንፃው ድሮ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው። ሥራ ሲያቆም አላፈረሱትም፤ በ1992 ዓ.ም. ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ተርባይኖቹ የነበሩበት አዳራሽ ርዝመቱ 155 ሜትር ነው፤ ለመግባት አይከፈልም። ያኔ ጋናዊው የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያ ኤል አናትሱይ ግዙፍ ሥራውን ሰቅሎበት ነበር። ከሩቅ ሲያዩት ንፋስ የሞላው ቀይ የመርከብ ሸራ ነው። ሲጠጉት የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን ነው። በሺህ የሚቆጠር ክዳን፣ ተጨፍልቆ፣ ታጥፎ፣ በቀጭን የመዳብ ሽቦ አንድ በአንድ ተያይዟል። ከአዳራሹ ጥግ ደግሞ እስከ ወለሉ የወረደ ጥቁር መጋረጃ ነበር። ዞር ብዬ ከጀርባው ሳየው ብርማ ሆኖ ያበራል። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የአውሮፓ ነጋዴ ለአፍሪካ መጠጥ ያመጣ ነበር፤ መርከቡ በባርነት የተያዘ ሰው ጭኖ ይሄድ ነበር። ይህን ማንም ሳያስረዳኝ በዓይኔ ገባኝ።

ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ አለች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ስሟ የገነነ ገበያ ነበረች። ጨው ከአፋር ቆላ በግመል ይመጣባታል። ሰውም በዚያው መንገድ ተሽጦ ወደ ታጁራ ወደብ ወርዷል። የእኛም ታሪክ የንግድ ታሪክ ነው፣ የሚያምም ታሪክ ነው። ኮረብታው ላይ ግን ይህን ለልጅ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

እኔ የምለው፣ ግንቡ አጠገብ የዘመኑ ሠዓሊ አንድ ትልቅ ሥራ ይሥራ። ዕቃው አለን፤ የመንዝ ባና፣ ከበግ ጠጉር የሚሸመነው ብርድ ልብስ። እናቴ ቤት ያለው ባና ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ጥቁር ነው፤ ዳርና ዳሩ ላይ ነጭ መስመር አለው፣ መሃሉ ላይ በወፍራም ክር የተሰፋ ስፌት። ዝናብ ሲነካው ዛሬም በግ በግ ይሸታል። አያቴ ናት በእንዝርት የፈተለችው። እንዲህ ያለው ባና ሃምሳ፣ መቶ ሆኖ ተጋጥሞ ከፍ ብሎ ሲሰቀል ይታያችሁ።

ቅርስ አይነካም የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ግንቡ ላይ አንድ ሚስማር መመታት የለበትም። በራሱ ምሰሶ ይቁም፣ ከወራት በኋላ ይነሳ። በዚህ ጊዜ ለሥዕል የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚለኝም አለ። ገንዘቡ የሚሄደው ለፈታይዋና ለሸማኔው ነው። ገበያ ስወጣ የማየው ከውጭ የመጣ ብርድ ልብስ ነው፤ ባና የሚሠሩት እጆች ሳያረጁ ሥራ ይፈልጋሉ።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ጥሩ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ከጫፉ ሆኖ ቆላው ይታያል። ያ ልጅ በባናው ሥር አልፎ ወደ ገደሉ ብቅ ሲል ግመሎቹ የመጡበትን አገር ያያል።